ኦሳካ በሦስት ቀን፦ ከዝርዝርዎ ምን ይኑር፣ ምን ይሰረዝ?

ጥያቄ፦ «በኦሳካ የምወስደው የሁለት ሳምንት ሥልጠና መጋቢት 26 ያበቃል። ከ27 እስከ 29 ሦስት ነጻ ቀኖች አሉኝ፤ በ30 ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ጥንታዊውን የኦሳካ ግንብ፣ ዶቶንቦሪን፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮን፣ ኪዮቶን፣ ናራን እና ፉጂ ተራራን ማየት እፈልጋለሁ። በባቡር እንደ ልብ ለመሄድ ጄአር ፓስ የሚባለውን የሰባት ቀን ማለፊያ ብገዛ ያዋጣኛል? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣም አልበላም። ሩዝና አትክልት የሚበዛበት አገር ስለሆነ ብዙ አልቸገርም ብዬ አስባለሁ።»

መልስ፦ ስድስቱን በሦስት ቀን አያዩም፤ ቢሞክሩ የሚያዩት የባቡር ጣቢያ ነው። ፉጂና ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ከዝርዝሩ ይሰረዙ፣ ኪዮቶ ለሌላ ጉዞ ይቆይ፣ ሁለቱን ቀን ለኦሳካ ለራሷ፣ አንዱን ለናራ ይስጡ። ማለፊያውን አይግዙ። ጾሙን በተመለከተ ደግሞ ያሰቡት ተቃራኒው ነው እውነቱ፤ ከሁሉም ይበልጥ አስቀድመው ሊዘጋጁበት የሚገባው እርሱ ነው። ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የወርና የቀን ስሞችን ግን እርስዎ እንደ ጻፉት በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ የተሰረዙት። ፉጂ የሚገኘው ከኦሳካ ይልቅ ለቶኪዮ ቀርቦ ነው። ከሺን ኦሳካ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ተጉዘው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቀጥለው፣ በዚያው ቀን መመለስ ይኖርብዎታል፤ በጸደይ ደግሞ ተራራው ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ መዋሉ የተለመደ ነው። ይህን ያህል ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ ግራጫ ሰማይ አይቶ የተመለሰ መንገደኛ ብዙ አውቃለሁ። ሆኖም ፉጂን ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚያዩበት መንገድ ስላለ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ2001 የተከፈተ መዝናኛ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ቀን ይበላል፣ እዚያ የሚያዩትም ስለ ጃፓን የሚነግርዎ ጥቂት ነው። ልጆች ይዘው ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ኪዮቶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ብቻ የምትርቅ መሆኗ ብዙዎችን ያታልላል፤ ቤተ መቅደሶቿ ግን በከተማዋ አራት ማዕዘን የተበተኑ ናቸው፣ በሚሄዱበት የአበባ ወቅት አውቶቡሶቿ አፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ፣ በአንድ ቀን ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ በላይ አይዘለቅም። የናራ ዋና ዋና ቦታዎች ግን ባንድ ሰፊ መናፈሻ ውስጥና ዙሪያ ስለ ተሰባሰቡ በእግር ይዳረሳሉ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ኪዮቶን ከሚቀማምስ ናራን ቢጠግብ ይሻለዋል።

ወደ ግንቡ እንምጣ፤ «ጥንታዊ» ያሉት ነገር መታረም አለበት። ነጭና አረንጓዴ ሆኖ፣ በወርቅ ቅብ ነብሮች አጊጦ በየፖስት ካርዱ የሚታየው ዋናው ሕንፃ በ1931 ከከተማው ነዋሪ በተሰበሰበ መዋጮ በአርማታ የተሠራ ነው። ውስጡ ሊፍት ያለው ሙዚየም ነው። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የተባለው የጦር መሪ በ1583 ማሠራት የጀመረው የመጀመሪያው ግንብ በ1615 በጦርነት ተቃጠለ፤ ድል የነሡት ቶኩጋዋዎች (የጃፓን ገዢ ቤተሰብ) የባላንጣቸውን ቅጥር በአፈር ቀብረው በላዩ ላይ የራሳቸውን ሠሩ፤ የእነርሱም ዋና ግንብ በ1665 በመብረቅ ጋየ። ከዚያ እስከ 1931 ድረስ፣ 266 ዓመት ሙሉ፣ ኦሳካ ዋና ግንብ አልነበራትም። ይህን ሳያውቁ የገቡ ጎብኚዎች ሊፍቱን ሲያዩ የተታለሉ ያህል ይከፋሉ።

እውነተኛው ጥንታዊ ነገር ከሕንፃው ግርጌ ያለው ድንጋይ ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ፎቶ ሲያነሣ ሳያየው ያልፈዋል። በ1620ዎቹ ቶኩጋዋዎች የምዕራብ ጃፓንን መሳፍንት ድንጋይ እያቀረቡ ቅጥሩን እንዲሠሩ አዘዙ፤ መሳፍንቱም የግራናይት ድንጋዩን ከየደሴቱ እየፈለጡ በባሕር አጓጓዙ፣ የማን ድርሻ እንደ ሆነ እንዳይምታታም በየድንጋዩ ላይ ምልክታቸውን ቀረጹ። ሳኩራሞን በሚባለው በር ሲገቡ ከፊት ለፊትዎ የሚቆመው «የኦክቶፐስ ድንጋይ» ፊቱ ብቻ ወደ 60 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ሰፊ የመኖሪያ ክፍል ወለሉ ተነሥቶ ግድግዳ ሆኖ ቢቆም ማለት ነው። ክብደቱ ከ100 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ጠጋ ብለው መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ፤ በድንጋዮቹ መካከል ኖራም ሆነ ጭቃ የለም። ከኋላቸው ጠጠር ታጭቆ የዝናቡ ውኃ እንዲወርድና የመሬት መንቀጥቀጡ ግፊት እንዲበርድ ተደርጓል። ይህ ቅጥር ሲገነባ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ለመቆርቆር ጥቂት ዓመታት ብቻ ይቀሯቸው ነበር። በኖራ የተያያዘውን የጎንደር ግንብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆሞ ሁለቱን ሙያ ለማነጻጸር ማንም አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በግቢው ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቆዩ፤ መናፈሻው ነጻ ነው። ወደ ዋናው ሕንፃ መግባት ግዴታ አይደለም፤ መግቢያው በ2025 በእጥፍ ጨምሮ 1,200 የን ሆኗል፣ ወረፋውም በአበባ ወቅት ረጅም ነው። ገንዘብዎን የሚያወጡ ከሆነ በዚያው ዓመት በተከፈተው የቶዮቶሚ የድንጋይ ቅጥር ሙዚየም ከመሬት በታች የተገኘውን የመጀመሪያውን የሂዴዮሺ ቅጥር ሳያዩ አይውጡ፤ ጥርብ ያልሆነው፣ እንደ ወረደ የተካበው ድንጋይ ከላይኛው ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሙያው የት እንደ ደረሰ ያሳያል።

የአበባው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኦሳካ የተለመደው የቼሪ አበባ የሚፈካው በመጋቢት ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ስለ ሆነ እርስዎ በሚወጡበት በ27 ምናልባት መርገፍ ጀምሮ ያገኙታል። መፍትሔው ከግንቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ በወንዙ ማዶ ያለው የመንግሥት የገንዘብ ማምረቻ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረው በ1871 ነው፤ ከ1883 ጀምሮ ደግሞ በግቢው ውስጥ ያለውን 560 ሜትር ያህል መንገድ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ለሕዝብ ይከፍታል። ዛፎቹ ዘግይተው የሚያብቡ፣ ቅጠለ ብዙ አበባ ያላቸው ዝርያዎች ናቸው። ሳምንቱ የሚውለው በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ መካከል ሲሆን ትክክለኛው ቀን በየዓመቱ ይታወጃል፤ መግባት የሚቻለውም አስቀድሞ በኢንተርኔት በመመዝገብ ነው። ሥልጠናው ላይ እያሉ ይመዝገቡ። ዝም ብለው በር ላይ ቢደርሱ ይመልሱዎታል።

ማምሻውን ወደ ሰሜኑ የከተማ ክፍል፣ ወደ ኡሜዳ፣ ይሂዱ። ከተማዋን ከላይ ለማየት ሁለት ምርጫ አለ፤ 300 ሜትር ቁመት ያለው አቤኖ ሃሩካስ እና 173 ሜትር የሆነው ኡሜዳ ስካይ። እኔ የምመክረው አጭሩን ነው። ሃሩካስ ከፍ ቢልም በመስተዋት ውስጥ ሆኖ ማየት ነው፤ በ1993 የተሠራው ኡሜዳ ስካይ ግን ሁለት ሕንፃዎች በጣሪያቸው ተያይዘው ክብ ክፍት ቦታ የተውበት ስለ ሆነ ነፋሱ ፊትዎን እየመታዎ፣ ባቡሮች የዮዶን ወንዝ ሲሻገሩ ይመለከታሉ። ወደ ላይ የሚያደርሰው ተንቀሳቃሽ ደረጃ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባዶ አየር ላይ የተዘረጋ ነው፤ ከፍታ የሚያስፈራዎ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይወቁ። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ይድረሱ።

ዶቶንቦሪ የሚታየው ሲመሽ ነው። በቀን ከሄዱ የሚያገኙት ጠባብ ቦይና የደበዘዙ ማስታወቂያዎች ብቻ ነው። ቦዩ በ1615 ተቆፍሮ ያለቀ ሲሆን ዳርና ዳሩ ለረጅም ዘመን የቲያትር ሰፈር ነበር። ሁሉም ፎቶ የሚነሣበት፣ እጁን ዘርግቶ የሚሮጠው ሰው የግሊኮ የከረሜላ ኩባንያ ማስታወቂያ ነው፤ መጀመሪያ የተተከለው በ1935 ሲሆን አሁን የሚያበራው ከ2014 ወዲህ ያለው ስድስተኛው ነው። ግርግሩ ሲሰለችዎ ሁለት መንገድ ብቻ ወደ ደቡብ ገባ ይበሉ፤ ሆዜንጂ የሚባል ድንጋይ የተነጠፈበት ቀጭን መተላለፊያ ያገኛሉ። በዚያ ያለው ፉዶ የተባለው የቡድሂስቶች ጠባቂ አምላክ ሐውልት ለዓመታት ምእመናን ውኃ ሲያፈሱበት ከመኖራቸው የተነሣ ከራስ እስከ እግሩ በወፍራም አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል፤ ፊቱ አይለይም። ከሥራ የወጡ ሰዎች ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በጭልፋ ውኃ ቀድተው ያፈሱበትና፣ እጃቸውን አገናኝተው ለአፍታ ቆመው ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ መብራት መካከል እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀን የናራ ነው። ከናምባ ጣቢያ በኪንቴትሱ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የኪንቴትሱ ጣቢያ ጄአር ከተባለው ሌላው የባቡር ድርጅት ጣቢያ ይልቅ ለመናፈሻው ይቀርባል። ዋናው ነገር ቶዳይጂ የተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። ቁመቱ 15 ሜትር የሚሆነው የነሐስ ቡድሃ በ752 ተመርቋል፤ አሁን የሚገኝበት አዳራሽ በ1709 እንደ ገና ሲሠራ ከመጀመሪያው ጎኑ በሲሶ ያህል አንሶ ሳለ እንኳ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የእንጨት ሕንፃዎች አንዱ ነው። ጠዋት ሕዝብ ሳይበዛ ይግቡ። በመናፈሻው የሚዘዋወሩት ከሺህ በላይ አጋዘኖች ለማዳ ቢመስሉም የዱር እንስሳት ናቸው፤ ብስኩት የያዘ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሣሉ፣ ሲዘገዩባቸው ግን ይነክሳሉ፣ ወረቀትም ይበላሉ። ፓስፖርትዎንና ትኬትዎን ከኋላ ኪስ አያድርጉ። ብስኩቱ ሲያልቅ ባዶ መዳፍዎን ዘርግተው ያሳዩዋቸው፤ ነገሩ ይገባቸዋል።

ሦስተኛውን ቀን ለደቡብ ኦሳካ ያውሉት፤ ሁሉም ሚዶሱጂ በተባለው ቀይ የሜትሮ መስመር ላይ ወይም ከእርሱ በእግር በሚደረስ ርቀት ይገኛል። የሺቴንኖጂ ገዳም በ593 እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ሕንፃዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ፈርሰውና ነደው በመጨረሻ በ1963 በአርማታ የተተኩ ናቸውና እዚህም ጥንታዊውን የሚይዙት በአቀማመጡ እንጂ በግድግዳው አይደለም። በመጋቢት መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ የብሔራዊ ቡንራኩ ቲያትር የጸደይ ትርኢት ይጀምራል። ቡንራኩ የአሻንጉሊት ጨዋታ ሲባል የልጆች ይመስላል፤ አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፣ ዋናው ራሱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን ይዞ፤ ጎን ላይ የተቀመጠ ተራኪ ደግሞ በሻሚሰን ክራር መሰል መሣሪያ ታጅቦ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ያወጣል። ሙሉው ትርኢት ረጅም ስለ ሆነ የአንድ ክፍል ብቻ ትኬት መኖሩን ይጠይቁ።

እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከዚሁ መስመር ላይ ናጋይ ጣቢያ ወርደው ስታዲየሙን ቢያዩ አይቆጭዎትም፤ የጉብኝት መጻሕፍት አይጠቅሱትም። በ2007 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚህ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ወድቃ ተነሥታ ያሸነፈችው፣ ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ርቀት ስለሺ ስህንን በመጨረሻው ዙር ቀድሞ ሁለቱም ተከታትለው የገቡት፣ መሠረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው በዚህ መም ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ተራ ስታዲየም ነው፤ ዙሪያው ግን ሰፊ መናፈሻ ስለ ሆነ አንድ ሰዓት ያሳልፉበታል።

አሁን ስለ ጾሙ። በኦሳካ ምግብ ውስጥ ዓሣ በዓይን አይታይም፤ በመረቁ ውስጥ ነው ያለው። ዳሺ የሚባለው የሁሉም መሠረት የሆነ መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ የሚፈላ ሲሆን በኡዶን፣ በሾርባ፣ ጎመንና ቶፉ በሚቀቀልበት ውኃ ሁሉ ይገባል። ኦሳካ የምትታወቅባቸው ታኮያኪ (ኦክቶፐስ ያለበት ድቡልቡል ሊጥ) እና ኦኮኖሚያኪ (ጎመን ያለበት ወፍራም ቂጣ) እንቁላል አላቸው፤ በላያቸው ላይ እንደ ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ ተነስንሶ በእንፋሎቱ የሚርገበገበው ነገርም የደረቀ ዓሣ ነው። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ብዙ አስተናጋጆች ሥጋ ብቻ የከለከሉ ይመስላቸዋልና መረቁን አያነሡም። የሥልጠናው አስተባባሪዎች ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ዳሺ እንደማይበሉ በጃፓንኛ ወረቀት ላይ እንዲጽፉልዎ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በየቤቱ እርሱን ያሳዩ። ለድንገት የሚሆኑት በጨው ብቻ የተጠቀለለ የሩዝ ኦኒጊሪ፣ የኪያር ሱሺ፣ የተቀቀለ አረንጓዴ አኩሪ አተርና የቬጋን ምልክት ያላቸው ቤቶች ናቸው። ከቤት ስንቅ ሲይዙ ቋንጣ እንዳይቀላቀል፤ ለፍስክ ይሆነኛል ብለው ቢይዙትም ጃፓን የሥጋ ውጤት እንዳይገባ በሕግ ትከለክላለች፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

ጾመኛ በሙሉ ልብ የሚበላበት አንድ ቦታ አለ፤ ከናምባ በናንካይ ባቡርና በተራራ ላይ በሚወጣው የገመድ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬደው የኮያ ተራራ። ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቡድሃ መነኮሳት የሚኖሩበት ሲሆን ወደ 50 የሚጠጉ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፣ የሚያቀርቡትም ሾጂን የተባለ፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለበት፣ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ የሚወጣ ማዕድ ነው። የማለዳው ጸሎት ለእንግዳ ግዴታ ስላልሆነ በእምነትዎ የሚያስቸግርዎ ነገር የለም። ብርዱ ግን ከባድ ነው፣ እራቱም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሮ ይቀርባል፣ ዋጋውም ከተራ ሆቴል ይበልጣል። ማደር ከፈለጉ ሦስተኛውን ቀን ይሠዉለት እንጂ ናራን አይንኩ፤ ደርሶ መልስ ለማድረግ ግን አይሞክሩት።

የባቡር ማለፊያው ስሌት አጭር ነው። የሰባት ቀኑ ማለፊያ ዋጋ በመስከረም 2023 ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል። በምመክርዎ መርሐ ግብር የሚያደርጉት ረጅም ጉዞ ከሺን ኦሳካ ወደ ቶኪዮ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ዋጋው 14,000 የን ገደማ ነው፤ ወደ ናራ የሚወስድዎን ኪንቴትሱንና የከተማውን ሜትሮ ደግሞ ማለፊያው አይሸፍናቸውም። ኢኮካ የተባለውን ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ገዝተው በየጣቢያው በር ላይ እያስነኩ ይግቡ። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በኦሳካ በቀኝ በኩል ይቁሙ፤ ቶኪዮ ሲደርሱ በግራ ይሆናል።

በ30 ወደ ናሪታ ሲሄዱ ነው እንግዲህ ፉጂን የሚያዩት። ትኬቱን ሲቆርጡ ከፈጣኑ ባቡር ላይ «ኢ» የሚል ፊደል ያለውን የመስኮት ወንበር ይጠይቁ፤ ተራራው ያለው በዚያ በኩል ነው። ከሺን ኦሳካ ከተነሡ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስልክዎን ያስቀምጡና ወደ ውጭ ይመልከቱ፤ ሰማዩ ከጠራ ለጥቂት ደቂቃ ሙሉውን ያዩታል። ሻንጣዎ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመር ከ160 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ከኋላው ቦታ ያለው ወንበር አብረው ያስይዙ፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ሳያስይዙ ከገቡ ግን ያስከፍሉዎታል። ከቶኪዮ ጣቢያ እስከ ናሪታ ሌላ አንድ ሰዓት ስላለ በረራዎ ከመነሣቱ ቢያንስ ሰባት ሰዓት አስቀድመው ከኦሳካ ይውጡ።